በዲሽ ገመድ ድምፅን ወደየክፍሉ ማድረስ፦ ጥያቄና መልስ

ቲቪና ዲኮደር ጀርባ ላይ ዲጂታል ድምፅ የሚወጣባት «ኮአክሲያል» የምትል ቀዳዳ አለች። በእሷ በኩል ድምፁን ወደ ሌላ ክፍል መውሰድ ይቻላል ወይ ብላችሁ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችኋል። በየተራ ልመልስ።

ከካዛንቺስ፦ ከሳሎን እስከ መኝታ ቤት በግድግዳ ውስጥ ያለፈ ትርፍ የዲሽ ገመድ አለኝ። 20 ሜትር ይሆናል። ይሠራልኛል ወይስ ሌላ ልግዛ?

አትግዛ ወንድሜ። ይህ የድምፅ መስመር የሚፈልገው 75 ኦም (የገመዱ የኤሌክትሪክ ልክ ነው) ገመድ ነው፤ አርጂ 6 የሚባለው የዲሽ ገመድም 75 ኦም ነው። ከዲሽ እስከ 2150 ሜጋኸርዝ የሚደርስ ሲግናል የሚያወርድ ገመድ ነው። የስቴሪዮ ድምፅ በ48 ኪሎኸርዝ በሰከንድ 3 ሜጋቢት ገደማ ብቻ ነው፤ ለገመዱ ምኑም አይደለም። ጣጣው ያለው ጫፉ ላይ ነው። በቀደም አንድ ቤት ድምፁ ቆረጥ ቆረጥ እያለ አስቸገረን። ገመዱን ስንጠረጥር ዋልን። በመጨረሻ ጃኩን ፈትቼ በስልክ መብራት ሳየው፣ የመሃሉን መዳብ ከሚከበው የሽቦ መረብ ፀጉር የምታክል አንዲት ክር ታጥፋለች። የመሃሉን መዳብ አንዴ ትነካለች፣ አንዴ ትለቃለች። እሷን ቆርጬ ጃኩን መልሼ ሳስረው ተስተካከለ።

ከአራት ኪሎ፦ ያው ገመድ ዲሹንም ድምፁንም አብሮ ቢሸከምስ?

በፍጹም! ዲኮደሩ በዚያ ገመድ 13 ወይም 18 ቮልት ወደ ኤልኤንቢው፣ ማለትም ዲሹ ላይ ወዳለው ሲግናል ተቀባይ፣ ይልካል። የድምፁ ሲግናል ግማሽ ቮልት ነው። ብታገናኛቸው አምፕሊፋየርህን ልታቃጥል ትችላለህ።

ከልደታ፦ ጋሼ፣ በዲሽ ስፕሊተር ለሦስት ክፍል ባካፍለውስ?

አይሆንም እህቴ። ያ ስፕሊተር የተሠራው ለከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ነው፤ የድምፁ ሲግናል ከዚያ በጣም ዝቅ ያለ ነው። ደግሞ ዲጂታል ሲደክም እንደ ሬዲዮ እየሻከረ አያስጠነቅቅሽም፤ ጠቅ ጠቅ ይልና ድርግም ይላል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ የዲጂታል ድምፅ ማከፋፈያ ግዢ። በየክፍሉ ያለው አምፕሊፋየር የዲጂታል መግቢያ ከሌለው ወደ አናሎግ የሚቀይር ኮንቨርተር ጨምሪበት።

ከሜክሲኮ፦ ሁሉን አገናኘሁ። ዜና ይሰማል፣ ፊልም ሲሆን ግን ዝም።

ይህ በጣም የተለመደ ነው፤ ምንም አልተበላሸም። ፊልሙ ድምፁን የሚልከው በዶልቢ ዲጂታል ታሽጎ ነው። ርካሹ ኮንቨርተር የሚያውቀው ፒሲኤም፣ ማለትም ያልታሸገ ተራ ዲጂታል ድምፅ፣ ብቻ ነው። ቲቪው ሴቲንግ ውስጥ የዲጂታል ድምፅ መውጫውን ወደ ፒሲኤም ቀይረው።

ከሠንጋ ተራ፦ ውድ ገመድ ልዩነት አለው?

ለሁለት ሜትር? የለውም። ደህና የተሠራ ቢጫው የቪዲዮ ገመድ ይበቃል።

ከፒያሳ፦ ቤታችን የድሮ ነው። ገመዱን ስሰካ ስፒከሩ እምምም ይላል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው የአምፕሊፋየሩን ግራውንድ (የመሬት ሽቦ) ነቅለን እንጣለው አለ።

እባክህ እንዳታደርገው። ግራውንዱ የተሠራው አምፕሊፋየሩ ውስጥ ሽቦ ተላጦ ቆርቆሮውን ቢነካ ሰው እንዳይይዝ ነው። እምምታው የሚመጣው ሁለቱ ዕቃዎች ግራውንድ ከተለያየ ቦታ እያገኙ በገመዱ መረብ ስለሚገናኙ ነው፤ የመብራቱ 50 ኸርዝ በዚያ ይዞራል። በአንዱ ጫፍ ኮአክሲያሉን ወደ ኦፕቲካል የሚቀይር ትንሽ ሳጥን አድርግና የመጨረሻዋን አንድ ሜትር በኦፕቲካል ገመድ ጨርሳት። ኦፕቲካል ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ዙረቱ እዚያ ላይ ይቆረጣል። የሳጥኑ ቻርጀር ግን ባለ ሁለት እግር ይሁን፤ ያለዚያ ዙረቱ በእሱ በኩል ተመልሶ ይመጣል።