እናቲቱ ከመግባቷ በፊት፦ ለጨቅላ ሕፃናት ክፍል ወጣት ነርሶች

ልጆቼ፣

ጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል ስትመደቡ መጀመሪያ የሚያሳዩአችሁ ማሽኖቹን ነው። ሲፓፕ (በአፍንጫ አየር እየገፋ ትንፋሽ የሚያግዝ መሣሪያ) እንዴት እንደሚገጠም፣ የመድኃኒት መጠን በሕፃኑ ክብደት እንዴት እንደሚሰላ፣ ከአውራ ጣታችሁ በማይበልጥ እግር ላይ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) እንዴት እንደሚገባ ትማራላችሁ። ደግ ነው፤ ይህን የማያውቅ ሰው እዚያ ክፍል ባይቆም እመርጣለሁ። እኔ የምጽፍላችሁ ግን በሥራ ድልድል ላይ ለማንም በስሙ ስለማይሰጥ ሥራ ነው፤ ያለጊዜዋ የወለደች እናት ልጇን ለመጀመሪያ ጊዜ ልታይ ስትል ከመግባቷ በፊት ምን እንደሚነገራት።

ብዙ ሰው ይህ ሥራ ማጽናናት ይመስለዋል። «አይዞሽ፣ ምንም አይደለም» ብሎ ክንዷን ይዞ ማስገባት። አይዞሽ ማለት ክፉ አይደለም፤ ብቻውን ሲሆን ግን ይጎዳል። ምንም አይደለም የተባለች እናት አፍንጫው፣ አፉ፣ እምብርቱና እግሩ በቱቦና በሽቦ የተያዘ ልጅ ስታይ ወዲያው የምታስበው «ደብቀውኛል» ብላ ነው። ከዚያ በኋላ እውነቱን ብትነግሯትም የምትሰማችሁ በጥርጣሬ ነው። ስለዚህ የኔ ምክር አንድ ነው፦ የምታየውን፣ የምትሰማውን፣ የምትዳስሰውን ነገር ሁሉ ዐይኗ በሚያገኘው ቅደም ተከተል፣ በተራ ቋንቋ፣ ሳታሳምሩና ሳታስፈራሩ አስቀድማችሁ ንገሯት።

የሚነገራት አልጋዋ ላይ እንጂ በሩ ላይ አይደለም። ወንበር ስባችሁ ተቀመጡ፤ ቆማችሁ ስትናገሩ ልትሄዱ እንደቸኮላችሁ ታውቃለች። መጀመሪያ ጠይቁ፦ «ስለ ልጅሽ እስካሁን ምን ነገሩሽ?» አዋላጇ አንድ ነገር፣ ሐኪሙ ሌላ፣ አክስቷ ሦስተኛ ነገር ብለዋት ይሆናል፤ እናንተ የምትጀምሩት እሷ ካለችበት ነው። በቀዶ ሕክምና የወለደች፣ ወይም ደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ማግኒዥየም የተባለ መድኃኒት እየተሰጣት ያለች እናት እንቅልፍ እንቅልፍ ሊላት ይችላል። የነገራችኋትን ግማሹን አትይዘውም። ደግማችሁ መንገር የሥራው አካል ነው እንጂ የእሷ ጥፋት አይደለም።

መነሳት የማትችል ከሆነ ፎቶ አንሥታችሁ ውሰዱላት፤ መጀመሪያ ግን ማየት ትፈልግ እንደሆነ ጠይቋት። ከፎቶዎቹ አንዱ ፊቱ ብቻ የሚታይበት ይሁን። ሌላው የእናንተ እጅ አጠገቡ ያረፈበት ይሁን፤ የልጁን መጠን የምትረዳው በእጃችሁ ነው። «1100 ግራም» ስትሏት ቁጥር ነው፤ በሁለት እጃችሁ ከዚህ እስከዚህ ብላችሁ ስታሳዩአት ግን ልጅ ይሆናል።

ስትገልጹላት ከልጁ ጀምሩ እንጂ ከማሽኑ አትጀምሩ። ቆዳው ቀጭንና ቀይ መሆኑን፣ የደም ሥሮቹ እንደሚታዩ፣ ትከሻውና ጀርባው ላይ ለስላሳ ጸጉር ሊኖር እንደሚችል፣ ከቆዳው ሥር ስብ ገና ስላልተጠራቀመ የራሱን ሙቀት መጠበቅ እንደማይችል፣ ኢንኩቤተር በሚባለው ሙቀት ጠባቂ ሣጥን ውስጥ የገባውም በዚሁ ምክንያት እንደሆነ ንገሯት። ጆሮው ለስላሳ ነው፤ ከታጠፈ እንደታጠፈ ሊቆይ ይችላል። በጣም ቀድሞ ከመጣ፣ የእርግዝናው 26 ሳምንት ሳይሞላ ማለቴ ነው፣ የዐይኑ ቆቦች ገና ተጣብቀው ሊሆን ይችላል፤ ዐይነ ስውር ነው ብላ እንዳትደነግጥ ይህን ሳትነግሯት አታስገቧት።

ከሁሉ ይበልጥ የሚረሳው የልቅሶው ነገር ነው። ልጁ የመተንፈሻ ቱቦ ከተደረገለት ቱቦው የሚያልፈው በድምፅ አውታሮቹ መካከል ስለሆነ አፉን ከፍቶ፣ ፊቱን አጨማዶ ሲያለቅስ ድምፅ አይወጣውም። ይህን ያልተነገራት እናት በመስተዋቱ ውስጥ ድምፅ የሌለው ልቅሶ ስታይ ጉልበቷ ሲከዳት አይቻለሁ። የተነገራት እናት ደግሞ ጎንበስ ብላ «ቱቦው ነው፣ ቱቦው ነው» እያለች ለራሷ ስትደግም ሰምቻለሁ። ሁለቱም አልቅሰዋል። ልዩነቱ ሁለተኛዋ ከልጇ አጠገብ አለመራቋ ነው።

«ለምን መተንፈስ አቃተው?» ብላ ትጠይቃችኋለች። መልሱን በደንብ ያዙት። የሳንባ ትንንሽ ከረጢቶች አየር ሲወጣ እንዳይጣበቁ የሚያደርግ ሰርፋክታንት የሚባል ነገር አለ፤ የሕፃኑ ሳንባ በበቂ መጠን የሚያመርተው ከእርግዝናው 34ኛ ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። እሱ ሲጎድል ከረጢቶቹ እንደ እርጥብ ፌስታል ይጣበቃሉ፤ ሕፃኑ በየትንፋሹ እንደ አዲስ ሊከፍታቸው ይታገላል። ደረቱ ወደ ውስጥ ስርጉድ የሚለው ለዚህ ነው። ይህ ጉድለት የዚህ የሳንባ ሕመም መንስኤ መሆኑን ሜሪ ኤለን ኤቨሪና ጄር ሚድ የተባሉ ተመራማሪዎች ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ማወቅ ማዳን አልነበረም፤ በነሐሴ 1963 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ ወደ 2.1 ኪሎ እየመዘነ፣ አምስት ሳምንት ተኩል ያህል ቀድሞ ተወልዶ በሁለት ቀን ውስጥ በዚሁ ሕመም አረፈ። የጃፓኑ ሐኪም ቴትሱሮ ፉጂዋራ ከከብት ሳንባ የተዘጋጀ ሰርፋክታንት ለሕፃናት ሰጥቶ ውጤቱን ያሳወቀው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው። ይህን ሁሉ ለእናቲቱ አትተርኩላትም። እናንተ ግን ስታውቁት ድምፃችሁ ይረጋጋል፤ እሷ የምትሰማው ደግሞ ከቃላችሁ ይልቅ ድምፃችሁን ነው።

ስለ ትንፋሽ ሌላም አለ። ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን አንዳንዴ መተንፈስ ይረሳል፤ 20 ሴኮንድና ከዚያ በላይ ሊያቆም ይችላል። ነርሷ እግሩን ቀስ ብላ ነካ ስታደርገው ያስታውሳል። ትንፋሹን እንዲያነቃቃለት ቡና ውስጥ ያለውን ካፌይን እንሰጠዋለን ስትሏት ብዙዎቹ እናቶች ፈገግ ይላሉ። በዚያ ቀን ፈገግ የሚያሰኝ ነገር ብዙ ስለማይገኝ እኔ ይህን ሳልጠቅስ አላልፍም።

አሁን የልቡን ምትና ኦክስጅኑን በቁጥር ወደሚያሳየው ስክሪን፣ ወደ ሞኒተሩ። ሳይነገራት ከገባች ልጇን ትታ ቁጥሩን ስታይ ትውላለች። በልቡ ምት ፍጥነት አትደንግጭ፤ በደቂቃ ከ120 እስከ 160 የተለመደ ነው በሏት። ኦክስጅን የሚሰጠው ሕፃን በደሙ ያለው የኦክስጅን መጠን 100 በመቶ እንዲሆን አንፈልግም፤ ብዙ ክፍሎች ከ90 እስከ 95 ባለው ውስጥ ያቆዩታል። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ኦክስጅን ያለ ልክ ተሰጥቷቸው ዐይናቸውን ያጡ ሕፃናት ብዙ ነበሩና ይህ ጥንቃቄ ከዚያ የመጣ ነው። «93 ነው፣ 100 አልሞላም» ብላ ሌሊቱን የምትጨነቅ እናት በአንድ ዓረፍተ ነገር እረፍት ታገኛለች። የማንቂያው ድምፅ ሲጮህ አብዛኛውን ጊዜ ሽቦ ላልቶ ወይም ሕፃኑ እግሩን አወራጭቶ እንደሆነ፣ እኛም መጀመሪያ የምናየው ልጁን እንደሆነ ንገሯት። ካልነገራችኋት አለመሮጣችንን ግድየለሽነት አድርጋ ትወስደዋለች፤ አልፈርድባትም።

ለቢጫነት ሕክምና ሰማያዊ ብርሃን ሥር ዐይኑ ተሸፍኖ ተኝቶ ከሆነ ሽፋኑ ከብርሃኑ ለመከላከል እንጂ ዐይኑ ታሞ እንዳልሆነ ንገሯት። እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፤ ይህን ሕክምና ያስጀመረችው ነርስ ናት። በ1956 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ሮችፎርድ በሚባል ሆስፒታል ያለጊዜያቸው የተወለዱትን ክፍል የምትመራው ሲስተር ዋርድ ሕፃናቱን ፀሐይ ታሞቅ ነበር። የአንዱ ሕፃን ቢጫነት ፀሐይ ያገኘው ቦታ ላይ ለቅቆ፣ አንሶላ የሸፈነው ቦታ ላይ ብቻ እንደቀረ አይታ ለሐኪሞቹ አሳየቻቸው። ሐኪሞቹ መብራት ሠርተው ውጤቱን በ1958 አሳተሙ። ዐይናችሁን ክፈቱ ለማለት ነው።

ከዚያ እጅ መታጠቢያው ጋ ትደርሳላችሁ። ቀለበትና ሰዓት ይወልቃል፣ እስከ ክርን ይታጠባል። እዚህ ቦታ አትቸኩሉ። ውሃው እየፈሰሰ እጇ ሲንቀጠቀጥ ታያላችሁ፤ ሳሙናውን እናንተ ጨምሩላት፣ አብራችኋት ታጠቡ። የሰማችውን በአጭሩ ድገሙላት፦ የት አካባቢ እንደተኛ፣ በቀኝ ይሁን በግራ፣ ማን ነርስ እንደያዘው፣ አጠገቡ ወንበር እንዳለ። ወንበሩ ጌጥ አይደለም። ደም ፈሷታል፣ ምናልባት አልበላችም፣ ክፍሉም ይሞቃል፤ ስትወድቅ ከመያዝ ቀድሞ ማስቀመጥ ይሻላል። ማዞር ከጀመራት ሳታፍር እንድትናገር ንገሯት።

አብዛኛዋ እናት ስትደርስ የምታደርገው እጇን ወደ ኋላ መሰብሰብ ነው። አትገፉት፤ ግን እንዴት እንደሚነካ አሳዩአት። ትልቅ ሕፃን ሲደባበስ ይወዳል፤ ይህ ግን መደባበስ ይከብደዋል። አንዱን መዳፍ በጭንቅላቱ፣ ሌላውን በታጠፉት እግሮቹ ዙሪያ አሳርፎ፣ ሳያንቀሳቅሱ፣ ሳይጫኑ መቆየት ነው። እጇ ሞቃት ይሁን። ጣቶቹን ቢበታትን፣ ስቅታ ቢይዘው፣ ቢያዛጋ ወይም ፊቱን ቢያዞር ደከመኝ ማለቱ ነው። ይህን አስቀድማችሁ ካልነገራችኋት ፊቱን ያዞረው ጠልቷት ይመስላታል። ይመስላታል ስላችሁ የእውነቴን ነው፤ በዚያች ሰዓት እናት ሁሉንም ነገር በራሷ ላይ ፍርድ አድርጋ ነው የምታነበው።

ጥፋተኝነቱም ከዚሁ ይመጣል። «ምን ባደርግ ነው? ያን ዕቃ አንሥቼ ነው? ከሰው ተጣልቼ ነው?» ከብዙዎቹ ያለጊዜ ወሊዶች በስተጀርባ ቁርጥ ያለ ምክንያት አይገኝም፤ ሲገኝም እናቲቱ ልትከለክለው የማትችለው ነው አብዛኛውን ጊዜ። ሳትጠይቅ ንገሯት፤ ብዙዎቹ አፍ አውጥተው አይጠይቁም። «ይተርፋል ወይ?» ስትል ግን ቃል አትግቡ፤ ከራሳችሁም መቶኛ አትስጡ። ዛሬ እንዴት እንዳደረ፣ አሁን ምን እየተደረገለት እንደሆነ ንገሩና ሐኪሙን አገናኟት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደቱ እንደሚቀንስና ይህ የሚጠበቅ መሆኑን ደግሞ ሚዛኑ ላይ ከማየቷ በፊት ትስማ። መንታ ወልዳ አንዱ ያረፈባትን እናት «አንዱ ተርፎልሻል» አትበሏት። የሁለቱንም ስም ጠይቋት።

ልትመጣ የማትፈልግም ትኖራለች። ጨካኝ እናት አትበሏት። ብዙ ጊዜ ከወደድኩት በኋላ ባጣውስ ብላ ነው። ፎቶውን፣ ወሬውን እየወሰዳችሁ በየቀኑ ጠይቋት፤ እስክትዘጋጅ ጠብቋት።

ሥራ ስጧት። እናት ቆማ ስታይ ብቻ ከዋለች ትደክማለች። ወተቷን በወለደች በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ማለብ ትጀምር፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ስምንት ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ሌሊቱን ጨምሮ። መጀመሪያ የሚወጣው እንገር ጠብታ ነው፤ ጠብታ እንደሚሆን ካልነገራችኋት ወተት የለኝም ብላ ትተወዋለች። ያቺ ጠብታ በጉንጩ ውስጥ ትደረግለታለች። የእናት ወተት ያለጊዜያቸው የተወለዱትን የሚያጠቃውን ከባድ የአንጀት ሕመም ይቀንሳል፤ ይህን ማሽኖቻችን አያደርጉትም። ጡት ለመጥባት መምጠጥ፣ መዋጥና መተንፈስ መቀናጀት አለባቸው፤ ይህ የሚሆነው ከ32 እስከ 34 ሳምንት ገደማ ነው፤ እስከዚያ በቱቦ ይመገባል። እንዲያም ሆኖ ወተቷ የማይመጣ አለች። ጠርሙሷን ከጎረቤቷ ጠርሙስ ጋር የሚያስተያይ ወሬ ከአፋችሁ አይውጣ።

«መቼ ነው የማቅፈው?» ትላለች። የቀድሞው መልስ «ሲረጋጋ» ነበር። በ1978 እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያዋ ቦጎታ ኤድጋር ሬይ ሳናብሪያ የተባለ ሐኪም ኢንኩቤተር ቢያጥረው ሕፃናቱን በእናቶቻቸው ደረት ላይ ገላ ለገላ አስተኛቸው፤ የካንጋሮ እንክብካቤ የምንለው ይህ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛንያ የተደረገ ጥናት ክብደታቸው ከ1 ኪሎ ጀምሮ 1.8 ኪሎ ባልሞላ ሕፃናት ላይ፣ መረጋጋታቸውን ሳይጠብቁ ወዲያው መጀመር ሞትን በ25 በመቶ እንደቀነሰ አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲሆን መከረ። ስለዚህ መልሳችሁ «ዛሬ ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ልጠይቅልሽ» ይሁን፤ ካልተቻለም ምን እስኪሆን እንደሚጠበቅ ለይታችሁ ንገሯት።

እናትን እንደ እንግዳ ጠያቂ መቁጠር የቆየ ልማድ ነው። ፓሪስ ላይ ፒየር ቡዳን የተባለ ሐኪም ከልጇ የተለየች እናት ፍቅሯ እየቀዘቀዘ እንደሚሄድ በ1900 እ.ኤ.አ. አስጠንቅቆ ነበር። ያም ሆኖ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሆስፒታሎች ኢንፌክሽን ፈርተው እናቶችን ከመስተዋት ጀርባ አቆሙ። በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እናቶች እንዲገቡ ተደርጎ ኢንፌክሽን እንዳልጨመረ በ1970 ሲታተም በሩ ቀስ በቀስ ይከፈት ጀመር። አባቶቹም በዚያው በር ይግቡ፤ አባት ዕቃ አቀባይ አይደለም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ከመጀመሪያው ጉብኝት በኋላ በዚያው ቀን ወደ አልጋዋ ተመለሱ። «ምን አየሽ?» በሏት፤ «ገባሽ ወይ?» አትበሏት፤ ለሱ ሁሉም አዎ ነው የሚለው። ያላሰባችሁት ነገር ትነግራችኋለች፤ ግንባሩ ላይ ስላለ የፕላስተር ምልክት፣ ከጎኑ ባዶ ስለነበረው አልጋ፣ አንዷ ነርስ ስለሳቀችው ሳቅ። የተሳሳተውን አርሙ፣ ያስፈራትን አብራሩ፤ ከዚያ የሚቀጥለውን ወተት የምታልብበትን ሰዓትና ተመልሳ የምትገባበትን ሰዓት ተስማምታችሁ፣ መዝገቡ ላይ ጽፋችሁ፣ ለተረኛዋ አስረክቡ።