ፀሐይ ላይ ለሚውል ሰው፦ ስለ ቆዳ ካንሰር ከድሬና ከሐረር የመጡ ጥያቄዎች

በቆዳ ሕክምና ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ውጭ የምትሠሩ ሰዎች ስለ ፀሐይና ስለ ቆዳ ካንሰር የሚያሳስባችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ እነሆ መልሴ። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

«ሲስተር፣ ሳቢያን አካባቢ ግንበኛ ነኝ። ጥቁር ሰው በፀሐይ ካንሰር አይያዝም ይባላል። እውነት ነው?»

ግማሹ እውነት ነው ወንድሜ። ቆዳችንን የሚያጠቁረው ሜላኒን ቆዳ የሚጎዳውን የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ስለሚከላከል፣ ያንተ አደጋ ከነጭ ግንበኛ በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። ይህን ደብቄ ላስፈራራህ አልፈልግም። መከላከያው ግን ሙሉ አይደለም፤ የታችኛው ከንፈርና የዓይን ነጩ ክፍል ያን ያህል ሜላኒን የላቸውም። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በ2023 ይፋ ባደረጉት ስሌት፣ ሜላኖማ (ሜላኒን ከሚሠሩት ሴሎች የሚነሳው የቆዳ ካንሰር) ባልሆኑ የቆዳ ካንሰሮች ከሚሞቱ ሦስት ሰዎች የአንዱ ሞት ማለት ይቻላል ፀሐይ ላይ ከመሥራት ጋር የተያያዘ ነው። በ2019 በ183 አገሮች ወደ 19 ሺህ ሰው በዚህ ሞቷል። እኛ አገር ከሁሉ በላይ የሚጎዳን ደግሞ መዘግየት ነው። «እኛን አይነካንም» እየተባለ ቁስሉ ሲሰፋ፣ ሲሸት፣ አጥንት ሲደርስ ነው ወደ ሐኪም የሚመጣው።

«ሐረር ነፋሻ ናት፣ እንደ ድሬ አታቃጥልም። እዚህ የምንሠራ እንሻላለን አይደል?»

አትሻሉም። የሚያልበንና የሚያደክመን ሙቀቱ ነው፤ ቆዳን የሚጎዳው አልትራቫዮሌት ግን ሙቀት የለውም፣ አይታይምም። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ጨረሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ድሬ 1,200 ሜትር፣ ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር አካባቢ ናቸው። ነፋሱ ቆዳችሁን እያቀዘቀዘ ያታልላችኋል እንጂ ጨረሩ እናንተ ጋ ይበረታል። ስስ ደመናም ብዙውን ያሳልፈዋል። መለኪያ ከፈለጋችሁ ጥላችሁን እዩ፦ ከቁመታችሁ ካጠረ ጨረሩ ኃይለኛ ነው። ሚያዝያ መጀመሪያና ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት አለፍ ሲል ፀሐይዋ አናታችን ላይ ስለምትቆም ጥላችን እግራችን ሥር ገብቶ ይጠፋል። በአጠቃላይ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ያለው ጊዜ ነው ጥንቃቄ የሚፈልገው።

«ልጄ ነጭ ሆኖ ነው የተወለደው፣ አልቢኒዝም ነው ብለውኛል። አሁን ስድስት ዓመቱ ነው። ከቤት አላስወጣውም። ልክ ነኝ?» (እናት፣ ሐረር)

እህቴ፣ ከመጡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ ልቤን የነካው ያንቺ ነው። መጀመሪያ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ዘሩ ከእናትም ከአባትም ሲገናኝ የሚከሰት ነው፤ እርግማን አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከዚህ በላይ ለመለስኩላቸው ሰዎች ሜላኒን ጋሻ ነው፤ ልጅሽ ግን ያ ጋሻ የለውም። ስለዚህ በፀሐይ ምክንያት ስለሚመጣ የቆዳ ካንሰር ስናወራ ዋነኛው ተጋላጭ እሱ ነው። አልቢኒዝም ያለባቸው አፍሪካውያን ላይ ካንሰሩ ገና በወጣትነት፣ በብዛትም ፊት፣ ጆሮ፣ አንገትና ከንፈር ላይ ይወጣል። መከላከል ግን ይቻላል።

ቤት አትዝጊበት፣ ትምህርት ቤት ይሂድ። እጀ ረጅም ሸሚዝና ረጅም ሱሪ ይልበስ። ኮፍያው ዙሪያውን ክፈፍ ያለው ይሁን፤ ፊቱ ላይ ብቻ ምላስ ያለው የኳስ ኮፍያ ጆሮና ማጅራትን አያድንም። የዕረፍት ሰዓቱን ጥላ ሥር እንዲያሳልፍ መምህሩን አነጋግሪ። አልቢኒዝም የዓይን ብርሃንንም ስለሚያደክም የፊት ወንበር ይስጡት። የፀሐይ መከላከያ ክሬም ካገኘሽ፣ የመከላከያ መጠኑ (SPF) 30ና ከዚያ በላይ የሆነውን ልብስ የማይሸፍነው ቦታ ላይ ቀቢው፣ በየሁለት ሰዓቱም ድገሚለት። ቢያንስ በዓመት ሁለቴ ሙሉ ቆዳው ይመርመር። አንቺም ስታጥቢው እጅሽን ፊቱና ጆሮው ላይ አሳልፊ፦ እንደ አሸዋ የሚሻክር፣ ተልጦ ተመልሶ የሚደርቅ ነገር ካገኘሽ ያን ጊዜውኑ አምጪው። በዚያ ደረጃ እጅግ ቀዝቃዛ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ተቃጥሎ ይጠፋል። ሲያድግም ከፀሐይ ውጭ የሚሠራበት ሙያ እንዲይዝ ከአሁኑ አስቢበት።

«ጫት ማሳ ላይ ነው የምሠራው፣ አወዳይ አካባቢ። አውራ ጣቴ ጥፍር ሥር ጥቁር መስመር ወጥቷል።»

ብዙ ጥቁር ሰው ብዙ ጥፍሮቹ ላይ ቀጫጭን መስመር አለው፣ ያ ችግር የለውም። አንድ ጥፍር ላይ ብቻ ወጥቶ እየሰፋ ከሄደ፣ ወይም ጥቁረቱ ጥፍሩን አልፎ በዙሪያው ያለውን ቆዳ ከያዘ ግን ቶሎ አሳየው። እኛ ላይ ሜላኖማ በብዛት የሚወጣው የእግር መዳፍ፣ የእጅ መዳፍና ጥፍር ሥር ነው፤ ፀሐይ የማያገኛቸው ቦታዎች ማለት ነው። ቦብ ማርሌይን በ1981 በ36 ዓመቱ የገደለው እግሩ ጣት ላይ የጀመረ ሜላኖማ ነው። ባዶ እግሩን የሚሠራ ሰው «እሾህ ወግቶኝ ነው» እያለ ወራት ያሳልፋል። ማታ እግርህን ስትታጠብ የውስጥ እግርህን በደንብ እየው።

«በልጅነቴ ቅልጥሜ ላይ የተቃጠልኩት ጠባሳ አሁን ይቆስላል፣ አይድንም።» (ነጋዴ፣ ከፊራ)

ይህ አሳስቦኛል፣ በዚህ ሳምንት ሂጂ። ከብዙ ዓመት በኋላ አሮጌ የቃጠሎ ጠባሳና የማይድን የእግር ቁስል ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። ምክንያቱ ፀሐይ ባይሆንም ጥቁር ሰው ላይ ይህን የቆዳ ካንሰር ከሚያመጡት ዋና ዋናዎቹ አንዱ ነው። ጠርዙ ከፍ ብሎ ከጠነከረ፣ በቀላሉ ከደማ ወይም ከሸተተ ናሙና ይወሰድለታል። በየጊዜው ቅባት እየቀየርሽ አትጠብቂ።

«ዓይኔ ነጩ ላይ ሥጋ እየበቀለ ነው። ባጃጅ ነጂ ነኝ።»

ፀሐይ፣ ነፋስና አቧራ ላይ በሚውሉ ሰዎች ላይ የተለመደ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ካንሰር አይደለም። ነገር ግን በምሥራቅ አፍሪካ የዓይን ነጩ ካንሰር አለ፣ ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ይበዛል። ቶሎ ካደገ ወይም ነጭ ቅርፊት ካበጀ የዓይን ሐኪም ይየው። መነጽር ስትገዛ «ዩቪ 400» የሚል ምረጥ። ጥቁር ሆኖ ጨረር የማይከላከል መነጽር ብሌንህን አስፍቶ ይብሱኑ ጨረሩን ያስገባል።

«ፎርማን ነኝ። ለሠራተኞቼ ክሬም ልግዛ?»

ለሁሉም ክሬም ከምትገዛ ሸራ ግዛ። ፌሮ የሚታሰርበትና ምሳ የሚበላበት ቦታ ላይ ጥላ ዘርጋ፤ ፀሐይ ላይ የሚሠራውን ከባድ ሥራ ወደ ጠዋቱ አምጣው። ልብስ ጥሩ መከላከያ ነው፣ ሽመናው ጥቅጥቅ ያለ ከሆነ። ጨርቁን ወደ ብርሃን ያዘው፤ ማዶው ከታየህ ጨረሩም ያልፋል። ስስ ነጭ ቲሸርት በላብ ሲርስ መከላከሉ ይቀንሳል። ሐረር «መኪና ግርግር» የሚባለው ሰፈር ያሉ ልብስ ሰፊዎች ኮፍያ ላይ ማጅራት የሚሸፍን ጨርቅ ይገጥሙልሃል።

«ብየዳስ?»

አዎ፣ እሱም ይጎዳል። የብየዳው ብርሃን ራሱ አልትራቫዮሌት ጨረር አለው፤ የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2017 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። በፊት መከላከያ ጭንብልና በእጀ ረጅም ሥራ፤ ረዳትህንም አትርሳው።

«ፊት የሚያቀላ ክሬም እቀባለሁ፣ ቀኑን ሙሉ ደግሞ ፀሐይ ላይ ነኝ።»

አቁሚው እህቴ። ያለሽን ጋሻ በገንዘብሽ እየገፈፍሽ ነው። አንዳንዶቹ ሜርኩሪ አላቸው፣ እሱ ኩላሊት ይጎዳል፤ ስቴሮይድ ያለባቸው ደግሞ ቆዳ ያሳሳሉ። ስቴሮይድ ያለበትን ለረጅም ጊዜ ተቀብተሽ ከሆነ ግን በድንገት ስታቆሚው ሊያቃጥልሽ ስለሚችል በሐኪም ምክር ይሁን።

«የደም ግፊት ኪኒን ከፀሐይ ጋር ይጣላል አሉኝ።»

ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባለው ቆዳን ለፀሐይ ያጋልጣል፤ ዶክሲሳይክሊን የሚባለው አንቲባዮቲክም እንዲሁ። ኪኒኑን በራስህ አታቁም፣ የግፊቱ አደጋ ይበልጣል። ፀሐይ ላይ እንደምትውል ለሐኪምህ ንገረው።

«የት ልሂድ? ደግሞ ብረት ከነካው ይሰራጫል ይላሉ።»

ከጤና ጣቢያ ጀምር፤ ሪፈር ጽፈው ድሬ ወዳለው ድል ጮራ ወይም ሐረር ወዳለው ሕይወት ፋና ሆስፒታል ይልኩሃል። ከአንድ ወር በላይ ያልዳነ ቁስል በቂ ምክንያት ነው። ናሙና መውሰድ ካንሰርን አያሰራጭም። ቦታውን በመርፌ ያደነዝዙታል፣ ትንሽ ቆርጠው ይወስዳሉ፣ አንድ ሁለት ስፌት ይሰፉልሃል፣ በዚያው ቀን ወደ ቤትህ ትመለሳለህ። ብዙዎች ቁስሉ ሲደርቅላቸው የዳኑ እየመሰላቸው ለውጤት አይመለሱም። ስለዚህ ከመውጣትህ በፊት ውጤቱ መቼና ከየትኛው ክፍል እንደሚሰጥ ጠይቅ፣ የሚሠራ ስልክ ቁጥር አስመዝግብ፣ ካርድህንም አትጣል።