ለበጎ ሥራ የዋለ የወንጀል ገንዘብ

“ገንዘቡ ከወንጀል ቢመጣም የተራበ ሕፃን ካበላ ምን ችግር አለው?” ብለህ ጠይቀሃል። ጥያቄህ ይገባኛል፣ ለተራበ ሰው ዳቦ ዳቦ ነው። እኔ ግን አልስማማም።

ገንዘቡ ባለቤት አለው እኮ። በፈረንጆቹ 2020 ዳርክሳይድ የሚባል የሳይበር ዘራፊዎች ቡድን፣ ኩባንያዎችን አስገድዶ ከወሰደው ላይ ለሁለት የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ለእያንዳንዳቸው 10 ሺህ ዶላር ገደማ በቢትኮይን ላከና ደረሰኙን በኩራት ለጠፈ። አንደኛው፣ ችልድረን ኢንተርናሽናል፣ ገንዘቡ ከዘራፊዎች ከሆነ የማስቀረት ሐሳብ እንደሌለው ተናገረ። ደግ አደረገ። የተዘረፈውን ሰው ሳትጠይቅ በእሱ ገንዘብ ቸር መሆን አይቻልም።

እኔን የበለጠ የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ወንጀለኛው በስጦታው ዝምታ ይገዛል። የኮሎምቢያው የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴ ፓብሎ ኤስኮባር በሜዴሊን ለድሆች ቤት ሠራ፣ የኳስ ሜዳም አሠራ፣ እዚያው ከተማ ውስጥ ግን የእሱ ሰዎች ይገድሉ ነበር። ቤት የተሰጠው ሰው እንዴት ብሎ ይመስክርበት?

ገንዘቡ ይቃጠል እያልኩ አይደለም። መጀመሪያ ለተበዳዩ ይመለስ። ተበዳዩ ካልተገኘ በሕግ ይወረስና ለሕዝብ ይዋል፤ ጣሊያን በፈረንጆቹ 1996 ባወጣችው ሕግ ከማፍያ የተወረሱ ቤቶችና መሬቶች ለማኅበራዊ አገልግሎት እንዲውሉ አድርጋለች። ያኔ ድሃው ይጠቀማል፣ ወንጀለኛውን ግን ማንም አያመሰግነውም።

ሳያውቅ ተቀብሎ ያወጣውን ድርጅት ግን አልወቅስም። እያወቀ ዓይኑን የጨፈነውን ነው የምወቅሰው።