ግንደ ሕዋስ ሁሉ አንድ ነው?

ጥያቄ፦ ወንድሜ በደም ካንሰር ታሞ የግንደ ሕዋስ ንቅለ ተከላ ሊደረግለት ነው፤ ሰጪው እኔ ነኝ። ሐኪሙ ለወንድሜ ክብደት በእያንዳንዱ ኪሎ 5 ሚሊዮን ሕዋስ ቢገኝ ይመረጣል አለኝ። ይህ ሁሉ ለምን? ከሆድ ስብ ግንደ ሕዋስ አውጥተን ለጉልበትም ለዓይንም እንወጋለን የሚሉትስ ያንኑ ነው የሚሰጡት?

መልስ፦ ብዛቱ የተፈለገው ከሚቆጠሩት ውስጥ ዋናው ግንደ ሕዋስ፣ ማለትም የደም ሕዋሳት ሁሉ የሚመነጩበት ሕዋስ (ስቴም ሴል)፣ እጅግ ጥቂት በመሆኑ ነው። መሣሪያው የሚቆጥረው ላዩ ላይ ሲዲ34 የሚባል ፕሮቲን ያለውን ሕዋስ ሁሉ ነው። አብዛኞቹ ለሳምንታት ወይም ለወራት ደም አምርተው ያልቃሉ፤ ዕድሜ ልክ የሚያመርቱት በመካከላቸው ያሉት ጥቂቶች ናቸው። ቶሎ የሚያልቁት ግን ትርፍ እንዳይመስሉዎት። ኬሞቴራፒው የወንድምዎን መቅኔ ባዶ ካደረገው በኋላ ኒውትሮፊል የሚባለውን ነጭ የደም ሕዋስ ፈጥነው የሚያደርሱለት እነሱ ናቸው። ቁጥሩ በማይክሮሊትር ከ500 በላይ እስኪወጣ ብዙውን ጊዜ ሁለት፣ ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ እስከዚያ ቀላል ኢንፌክሽን እንኳ ሊገድል ይችላል። በኪሎ ከ2 ሚሊዮን በታች ከተሰጠ ጊዜው ይረዝማል፣ በተለይ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌት ይዘገያል።

ዕድሜ ልክ የሚያመርቱትም ቢሆኑ አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ ሊምፎሳይት ወደሚባለው ሌላ ዓይነት ነጭ የደም ሕዋስ ያደላል፣ ሌላው ወደ ኒውትሮፊልና ፕላትሌት ወገን። ሰው ሲያረጅ የኋለኛው እየበዛ ይሄዳል። የሕብረ ሕዋስ ዓይነታቸው ከታማሚው ጋር እኩል የሚስማማ ሰጪዎች ሲገኙ ሐኪሞች ወጣቱን ያስቀድማሉ።

ከእርስዎ የሚጠበቀውን ደግሞ እንንገርዎ። ሕዋሱን ከመቅኔ ወደ ደም የሚያወጣው ጂ-ሲኤስኤፍ የተባለ መድኃኒት በኪሎ 10 ማይክሮግራም ገደማ፣ ለ4 ወይም 5 ቀን ከቆዳ ሥር ይወጋሉ። ወገብዎንና ጭንዎን ይቆረጥምዎታል፤ መቅኔው በሥራ ስለሚጨናነቅ ነው። ከዚያ ደምዎ በማሽን እየተጣራ ለሰዓታት ይቀመጣሉ። ከንፈርዎን ወይም የጣትዎን ጫፍ ቢነዝርዎት አይታገሡ፣ ወዲያው ይናገሩ። ደሙ እንዳይረጋ የሚጨመረው ሲትሬት ካልሲየምዎን ስለሚይዘው ነው፤ የማሽኑን ፍጥነት ቀንሰው ካልሲየም ይሰጡዎታል።

ከስብ የሚወጣው ፈጽሞ ሌላ ነው። ሜሰንካይማል የሚባለው ይህ ሕዋስ አጥንት፣ ልም አጥንትና ስብ መሆን ይችላል፤ ደም ግን አይሠራም፣ ብርሃን የሚቀበለውን የዓይን ውስጠኛ ሽፋን (ሬቲና) አይተካም። ከዚህም በላይ ከስብ ተለይቶ ያኔውኑ የሚወጋው ፈሳሽ የደም ሥር ሕዋስም፣ የበሽታ መከላከያ ሕዋስም የተቀላቀለበት ነው፤ የአንዱ ሰው ከሌላው አይመሳሰልም። በላቦራቶሪ ቢራባም፣ በተደጋጋሚ በተራባ ቁጥር ባሕርዩ ይለወጣል። በ2017 የወጣ የሕክምና ዘገባ ከራሳቸው ስብ የተወሰደ ሕዋስ በሁለቱም ዓይናቸው የተወጉ 3 ሴቶች ዓይናቸው ክፉኛ መጎዳቱን ገልጿል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር ለሚያቀርብልዎ ሁሉ ይጠይቁት፦ ሕዋሱ የትኛው ነው? በምን ምርመራ ተለየ? በሕይወት ያለው ስንት እጁ ነው? ስንት ጊዜ ተራብቷል? ከባክቴሪያ ንጹሕ መሆኑስ ተመርምሯል? ለዚህ በሽታ ፈቃድ አለው? መልሱን በጽሑፍ ካልሰጡዎት አይወጉ።