የ14 ወር ልጅ የቀን እንቅልፍ፦ በሰዓት ወይስ በምልክት?

እህታችን የ14 ወር ልጃቸው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ሲያስተኙት ለረጅም ጊዜ እያለቀሰ እንደሚታገላቸው ገልጸው፣ ሰዓቱን አጥብቀው ይያዙ ወይስ እንቅልፉ በራሱ እስኪመጣ ይጠብቁ በማለት ጠይቀዋል። ልጆቼን እዚሁ ባሕር ዳር ሽምብጥ ያሳደግሁ እናት ነኝ፤ መልሴም ይጠብቁ የሚል ነው። መጠበቅ ሲባል ግን ልጁን እንዳሻው መልቀቅ እንዳይመስልብኝ በዝርዝር ላስረዳ።

ሰው ከነቃበት ጊዜ አንሥቶ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር በአንጎሉ ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል፤ የእንቅልፍ ፍላጎት የሚበረታውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሕፃን ይህ ፍላጎት ቶሎ ስለሚሞላበት በቀን ደጋግሞ ይተኛል፤ እያደገ ሲሄድ ግን ነቅቶ መቆየት የሚችልበት ጊዜ ይረዝማል። ብዙ ልጆች ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ዕድሜ ውስጥ የረፋዱን እንቅልፍ ትተው የከሰዓቱን ብቻ ይይዛሉ። ስለዚህ ልጅዎ በ4 ሰዓት የሚያለቅሰው በእልኸኝነት ሳይሆን ገና እንቅልፉ ስላልደረሰ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ሰዓት በግድ ማስተኛት አልጋውን የጠብ ቦታ ከማድረግ በቀር ብዙም አይጠቅምም።

ከሰዓቱ ይልቅ ልጁን ይመልከቱ። ዓይኑን ማሸት፣ ጆሮውን መጎተት፣ የያዘውን መጫወቻ መጣል፣ ፈዝዞ አንድ ቦታ ማየት፣ ያለ ምክንያት መነጫነጭ የተለመዱ ምልክቶች ናቸው፤ ሁሉም ልጅ ግን እነዚህን አያሳይም። ሁለተኛዋ ልጄ አንድም ቀን ዓይኗን አሽታ አታውቅም፤ ዝም ብላ መጥታ ፊቷን ነጠላዬ ውስጥ ስትደብቅ እንቅልፏ መምጣቱን እናውቅ ነበር። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን መዘግየት አይገባም፤ ልኩን ያለፈ ድካም ልጁን ስለሚያነቃቃው ሲሮጥና ሲስቅ አይቶ «አልደከመውም» የሚል ሰው ይሳሳታል።

የእንቅልፉን ሰዓት ለልጁ ብንተውም፣ የጠዋቱ መነሻና የማታው መኝታ በየቀኑ ተቀራራቢ ቢሆኑ መልካም ነው። ጠዋት መስኮት ከፍቶ ብርሃን ማስገባት፣ ምሳውን ቀደም አድርጎ ማብላት፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ደግሞ ረጅም እንቅልፍ እንዳይወስደው መጠንቀቅ ይበቃል። በእኛ ከተማ የሙቀቱ ነገርም አለ፦ ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት እኩለ ቀን ላይ ስለሚግል፣ እንቅልፍ የመጣበት ልጅ እንኳ ሲገላበጥ ይውላል። ልብሱን አቅልሎ፣ አጎበሩን ዘርግቶ፣ ነፋስ በሚገባበት ክፍል ማስተኛት ከብዙ እሹሩሩ ይሻላል።

አማትዎ በአንቀልባ አዝለው ሲያስተኙት «ልማድ ይሆንበታል» ብለው መስጋትዎን ጽፈዋል። በእኔ እይታ በዚህ ዕድሜ የሚያሰጋ ነገር የለውም፤ የታዘለ ልጅ እንቅልፉ ሲመጣ ይተኛል፣ ካልመጣም ሰው እያየ ይውላል። አፍና አፍንጫው በልብስ አለመሸፈኑን ማየት ግን የግድ ነው። የሕፃናት ማቆያ የሚውል ከሆነም፣ የማይተኛውን ልጅ በግድ ከማስተኛት ይልቅ ጋደም ብሎ እንዲያርፍ እንዲያደርጉት መጠየቅ ይችላሉ።

በቂ መተኛቱን ለማወቅ የ24 ሰዓቱን ድምር ይመልከቱ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ፣ ከ1 እስከ 2 ዓመት ላለ ልጅ የቀኑን ጨምሮ ከ11 እስከ 14 ሰዓት እንቅልፍ ይመክራል። ሌሊት በደንብ የሚተኛ ልጅ ቀን ላይ ቢያሳጥር አያስደነግጥም።

ምልክቱን መጠበቅ ለአራስ ልጅ በዚሁ መልክ አይሠራም፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ የሚተኛ አራስ ለመጥባት መቀስቀስ ሊያስፈልገው ይችላል። ልጅዎ ከወትሮው በተለየ ሁኔታ ፈዝዞ የሚውል፣ ለመቀስቀስ የሚያስቸግር፣ ተኝቶ ሳለ ትንፋሹ የሚቆራረጥ ወይም ትኩሳት ያለው ከሆነ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። «ያስተኛዋል» ተብሎ የጉንፋንም ሆነ የአለርጂ ሽሮፕ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በፍጹም አይስጡት።