ጾምሽን ያስጣለሽ ማኪያቶው አይደለም

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ 31 ዓመቴ ነው አዲስ አበባ ቢሮ ነው የምሰራው። በየዓመቱ ጳጉሜ ላይ ደብተር አውጥቼ እጽፋለሁ፣ ረቡዕና አርብ እጾማለሁ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቼ እጸልያለሁ፣ በየቀኑ መጽሐፍ ቅዱስ አነባለሁ፣ እሁድ ቅዳሴ አላስታጉልም ምናምን። ዘንድሮ ግን ደመራ እንኳን ሳይደርስ ነው የተበላሸብኝ፣ አንዱ ረቡዕ ጠዋት ከቢሮ ልጆች ጋር ካፌ ገብቼ ሳላስበው ማኪያቶ አዝዤ ግማሹን ከጠጣሁ በኋላ ነው ረቡዕ መሆኑ ትዝ ያለኝ፣ ከዛ በቃ አንዴ ተበላሽቷል ብዬ ማታ ከጓደኛዬ ጋር በርገር በላን፣ አርብንም ተውኩት ጸሎቱም ቀረ። አሁን 2019 ሊገባ ነው፣ ያንኑ ዝርዝር ደግሜ ልጽፍ ስል በእግዚአብሔር ማሾፍ መሰለኝና አፈርኩ። ቃል ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ ነው ያነበብኩት፣ ማኪያቶው ጋ ስደርስ ሳቄ መጣ (ይቅርታ፣ እኔም ደርሶብኛል፣ የኔ ግን ቂቤ የገባበት ሽሮ ነበር)። ማኪያቶው መርሳት ነው፣ ጽዋውን ገፋ አድርጎ ውሃ ጠጥቶ መቀጠል ይቻል ነበር። የማታው በርገር ግን ረስተሽው አይደለም፣ ለጥፋትሽ ራስሽ ፈርደሽ ራስሽ ነሽ ቅጣቱን የሰጠሽው፣ ቅጣቱ ደግሞ ሁሉንም መተው ሆነ።

ዝርዝርሽን ሳየው የገረመኝ ግን ሌላ ነው፣ በዚህ ሁሉ ውስጥ የንስሐ አባትሽ አንዴም አልተነሱም። ለበዓል ጸበል ሊረጩ ሲመጡ ብቻ ነው እንዴ የምትገናኙት? እኛ ዘንድ እኮ ጾሙን ስግደቱን ሰው በአቅሙ መጠን ከአባቱ ነው የሚቀበለው፣ ለብቻ ደብተር ላይ ሲጻፍ ሰው ወይ ራሱን ይሸነግላል ወይ እንዳንቺ የማይችለውን ይጭናል። ስለዚ ጳጉሜ ሳታልቅ ደውይላቸው። ጳጉሜ ለዚህ የተመቸች ናት፣ የሚጾማት አለ፣ ጸበል የሚጠመቅባት አለ፣ በ3 ሩፋኤል ዝናብ ሲጥል ደጅ ወጥተን የተደበደብነውን ታስታውሺ የለ። አምና የጻፍሽውን፣ የተበላሸውን፣ ማኪያቶውንም ጭምር ንገሪያቸው። ምናልባት ከጠበቅሽው ያነሰ ነገር ያዙሻል፣ ትንሽ ናት ብለሽ እንዳትጨምሪባት።

ቃል ልግባ ወይ ላልሽው፣ ስለት አትሳይ። መክብብ 5 ላይ ተስሎ ከመቅረት አለመሳል ይሻላል ይላል። ማሰብና መጀመር ግን ስለት አይደለም። ሉቃስ 13 ላይ ያለችውን በለስ ታውቂያታለሽ፣ ጌታዋ ሦስት ዓመት ፍሬ ፈልጎ አጣባትና ቁረጣት ሲል ጠባቂው ዘንድሮን ተዋት ዙሪያዋን ልኮትኩት ፋንድያም ላድርግባት አለ። እርግጠኛ ሆኖ ታፈራለች አላለም እኮ፣ ቃል የገባው መኮትኮቱን ነው። የአንቺ ደብተር ላይ ያለው ፍሬ ፍሬው ብቻ ነው።

ሌሊት 11 ሰዓቱን ደግሞ ለጊዜው ተይው፣ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ቲክቶክ ላይ አምሽቶ 11 ሰዓት መነሳት የለም፣ እኔ ሞክሬ ዘጠኝ ቀን ነው የቆየሁት። ጠዋት ስልክ ከመንካትሽ በፊት የዘወትር ጸሎትሽን አድርሺ፣ እሱ ሲለመድ ሰዓቱን ከአባትሽ ጋር ትነጋገራላችሁ።

በነገራችን ላይ የ2019 መስከረም 1 አርብ ነው የሚውለው። እንቁጣጣሽ እንደ ገናና ጥምቀት ጾም አያስቀርም፣ ዶሮው ለቅዳሜ ነው። ጓደኛሽ በዓል ነው እንውጣ ካለችሽ ቅዳሜ በያት።