ትንሽ የቤት ውሻ መምረጥና ጸጉሩን መጠበቅ፦ ጥያቄና መልስ ከባሕር ዳር

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ላለፉት 9 ዓመታት ባሕር ዳር ውስጥ ትንንሽ የቤት ውሾችን አጥባለሁ፣ አበጥራለሁ፣ ጸጉራቸውንም እከረክማለሁ። ከጎጃም ልዩ ልዩ ከተሞች ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች ከዚህ በታች መልስ እሰጣለሁ። የውሻውን ዕድሜ፣ ክብደትና የጸጉር ዓይነት ሳይገልጹ የሚቀርብ ጥያቄ የረባ መልስ ስለማያገኝ፣ እባካችሁ እነዚህን ሦስቱን አስቀድማችሁ ጻፉ።

ጥያቄ (ባሕር ዳር)፦ እህታችን፣ ለቤት የሚሆን ጥሩ ትንሽ ውሻ የትኛው ነው?

መልስ፦ ለየትኛው ቤት? ቀን ማን ይውላል? ሕፃን አለ? ጸጉሩን በየቀኑ የሚያበጥርለት ሰው ይኖራል? ይህን ይጻፉልኝ።

ጥያቄ (ደብረ ማርቆስ)፦ የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። እኔም ባለቤቴም የመንግሥት ሠራተኞች ስለሆንን ወደ ቤት የምንመለሰው ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። የ7 ዓመት ሴት ልጅ አለችን። ማልቲዝ፣ ትንሹ ፑድል፣ ፖሜራኒያንና ቺዋዋ ተጠቁመውልናል። የትኛውን እንውሰድ?

መልስ፦ ጥያቄ እንዲህ ሲሆን ደስ ይለኛል። ሰው አብዛኛውን ጊዜ ውሻ የሚመርጠው ፊቱን አይቶ ነው። እኔ ግን ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው ጸጉሩን አይታችሁ ምረጡ ነው፤ ምክንያቱም ፊቱን ወደዱትም ጠሉት ምንም አያስከፍላችሁም፣ ጸጉሩ ግን ውሻው በሕይወት እስካለ ድረስ ከቀናችሁ ላይ ጊዜ ይወስዳል።

ማልቲዝ ክብደቱ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ነው፤ ጸጉሩ የውስጥ ጸጉር የሌለው አንድ ድርብ ብቻ ስለሆነና እንደ ሐር ስለሚለሰልስ ብዙም አይረግፍም፣ ነገር ግን ሁለት ቀን ሳይበጠር ካደረ መቋጠር ይጀምራል። ፑድል አይረግፍም ተብሎ ይወደሳል፤ እውነቱ ግን የረገፈው ጸጉር ወለል ላይ ከመውደቅ ይልቅ በጥቅልሉ ውስጥ ተይዞ መቅረቱ ነው፣ ስለዚህ በየ6 ሳምንቱ ገደማ ካልተከረከመ ቆዳው ላይ እንደ ብርድ ልብስ ይደድራል። ፖሜራኒያን የላይና የውስጥ የሆነ ሁለት ድርብ ጸጉር አለው፤ ቤት ውስጥ ይረግፋል፣ ሆኖም በሳምንት ሦስት ጊዜ በደንብ ከተበጠረ ይበቃዋል። አጭር ጸጉር ያለው ቺዋዋ ከሁሉም ቀላል ነው፤ ነገር ግን ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ደብረ ማርቆስ ክረምቱ ይከብደዋል፣ አጥንቱም ቀጭን ስለሆነ ከልጅ እጅ ሲወድቅ በቀላሉ ይሰበራል።

ለእናንተ የምመክረው ቡችላ ሳይሆን ዕድሜው ከዓመት ያለፈ፣ ጸጉሩ በአጭሩ የሚከረከም ትንሽ ፑድል ወይም የፑድል ክልስ ነው። ገና 3 ወር ያልሞላው የትንሽ ዘር ቡችላ በቀን አራት ጊዜ መመገብ አለበት፤ ምግቡ ከዘገየ በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ወርዶ ሊንቀጠቀጥና ራሱን ሊስት ይችላል፣ እናንተ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቤት የላችሁም። ልጃችሁም ውሻውን ቆማ እንዳታነሣው፣ መሬት ላይ ተቀምጣ በጭኗ ላይ እንድትይዘው አስተምሯት።

ጥያቄ (ፍኖተ ሰላም)፦ በሻይ ኩባያ ውስጥ የምትገባ የፑድል ዘር አለች ተብዬ ነበር። እውነት ነው?

መልስ፦ እንዲህ ያለ ዘር የለም። ያለ ልክ እንዲያንሱ ተደርገው የተወለዱ ወይም ያለጊዜያቸው ከእናታቸው የተነጠሉ ቡችሎች ናቸው። 8 ሳምንት ያልሞላው ቡችላ አይግዙ።

ጥያቄ (ዳንግላ)፦ ማልቲዝ ስንት ይሸጣል?

መልስ፦ ስለ ዋጋ መልስ አልሰጥም።

ጥያቄ (ቡሬ)፦ ሺዙ አለችኝ፤ 2 ዓመቷ ነው፣ 6 ኪሎ ትመዝናለች፣ ጸጉሯ ረጅም ነው። በየቀኑ በብሩሽ አበጥራታለሁ። ይሁንና ሳጥባት ጸጉሯ ተጣብቆ እንደ ድንጋይ ይሆናል። ሳሙናው ይሆን? የምጠቀመው የልብስ ሳሙና ነው።

መልስ፦ ሳሙናውም ጥፋት አለው፤ ዋናው ምክንያት ግን እሱ አይደለም።

ባለፈው ኅዳር አንዲት ነጭ ክልስ ማልቲዝ መጣችልኝ። ባለቤቷ በየቀኑ ያበጥራታል፤ ይህን የተናገረው በእውነት ነው፣ ላዩዋ ያበራ ነበርና። ሚዶውን ከትከሻዋ ላይ ሳስገባው ግን የጣት አንጓ ያህል ሄዶ ቆመ። ጸጉሯን በጣቶቼ እየከፈልኩ ወደ ቆዳው ስወርድ ከሥር ሌላ የተደደረ ንብርብር አገኘሁ። ከግራ ጆሮዋ በስተኋላ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ቋጠሮ ነበረ፤ በውስጡ ሦስት የጭጎጎት ፍሬዎች ተቀብረው ቆዳዋን ወግተው አቁስለዋል። ከቋጠሮው አጠገብ ደግሞ ሰውየው በመቀስ ሊቆርጠው ሲሞክር ቆዳዋን የቀደደበት ጠባሳ ነበር። ሰውየው ሰነፍ አልነበረም፤ ለዓመት ያህል ሲያበጥር የኖረው ላዩን ብቻ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። ውሻዋን በጎኗ ያስተኟት። ከሆዷ በታች ጀምረው በግራ እጅዎ ጸጉሯን ወደ ላይ ይያዙ፤ ቆዳዋ እንደ ሹሩባ መስመር ነጭ ሆኖ ይታይ። ከዚያ መስመር ላይ ጥቂት ጥቂት ጸጉር እያወረዱ በሽቦ ብሩሽ ከሥር እስከ ጫፍ ያበጥሩ፤ ያንን ሲጨርሱ ቀጣዩን መስመር ያውርዱ። በመጨረሻም የብረት ሚዶ ከቆዳው ጀምሮ ሳይያዝ ማለፉን ያረጋግጡ። ሚዶው ካላለፈ አልተበጠረችም ማለት ነው። ከጆሮ ጀርባ፣ ከብብት፣ ከጭን መሐልና ከአንገት ማሰሪያው ሥር አይዝለሉ፤ ጸጉር ከሁሉ በፊት የሚቋጠረው እነዚህ ቦታዎች ላይ ነው።

ቋጠሮ ያለበትን ጸጉር ከማጠብዎ በፊት ይፍቱት፤ ውሃ የነካው ቋጠሮ ሲደርቅ ይጠብቃልና የእርስዎ ችግር ይኸው ነው። ከታጠበች በኋላ በፎጣ አይሹአት፣ ተጭነው ውሃውን ያስመጥጡ፤ ከዚያም ፎኑን ለብ አድርገው እያበጠሩ እስከ ቆዳዋ ያድርቋት። ለሳሙናው ደግሞ፣ የሰው ቆዳ ከውሻ ቆዳ ይልቅ አሲዳማ ስለሆነ ለሰው የተሠራ ሻምፑ ለውሻ አይስማማም፤ የልብስ ሳሙና ከዚያም የባሰ ነው፣ ቆዳዋን አድርቆ ያሳክካታል። የውሻ ሻምፑ ካጡ የሕፃናት ሻምፑ በውሃ አቅጥነው አልፎ አልፎ መጠቀም ይችላሉ። በ3 ወይም በ4 ሳምንት አንድ ጊዜ ማጠብ ይበቃል።

መቀስ ወደ ቋጠሮ አይቅረብ። ይህን ደግሜ እናገራለሁ።

ጥያቄ (ባሕር ዳር)፦ ፖሜራኒያን አለኝ፤ 4 ዓመቱ ነው፣ 3 ኪሎ። ሙቀቱ ስለከበደው በቶንዶስ ላጨሁት፤ ልክ አደረግሁ?

አስተያየት (ዳንግላ)፦ የእኔንም ላጭተነው ነበር፤ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ጀርባው እስካሁን ራሰ በራ ነው።

አስተያየት (ፍኖተ ሰላም)፦ በግ ይሸለታል፣ ሰው ይላጫል። ጸጉር ጸጉር ነው፤ ያድጋል። ለዳንግላው ውሻ ምክንያቱ በሽታ ይሆናል እንጂ መላጨቱ አይደለም።

አስተያየት (ዳንግላ)፦ ውሻዬ ታይቶ በሽታ አልተገኘበትም።

መልስ፦ ሁለታችሁም ከፊል እውነት ይዛችኋል። ጸጉሩ ሳይመለስ የቀረ ውሻ የዕንቅርት ዕጢና መሰል የሆርሞን ችግር ሊኖርበት ስለሚችል መመርመሩ ተገቢ ነው። ሆኖም ሁለት ድርብ ጸጉር ያላቸው ዘሮች፣ በተለይም ፖሜራኒያን፣ ጤነኛ ሆነው ሳሉ ከተላጩ በኋላ ጸጉራቸው ለረጅም ጊዜ ሳይበቅል ወይም ተቦጫጭቆ ሊበቅል ይችላል። በግ ምሳሌ አይሆንም፤ ሱፉ ሳያቋርጥ የሚያድግ ነው። የፖሜራኒያን የውስጥ ጸጉር ብርዱንም የፀሐዩንም ትኩሳት የሚከላከልለት ነው፤ ውሻ ሙቀቱን በዋናነት የሚያስወጣው በማለክለክ እንጂ እንደ እኛ በላብ አይደለም። የረገፈውን የውስጥ ጸጉር በማበጠሪያ ያውጡለት፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊትና ከ11 ሰዓት በኋላ ያንሸራሽሩት፣ በቆመ መኪና ውስጥ አይተዉት። ፖሜራኒያን አይላጭም።

ጥያቄ (ሞጣ)፦ ቁንጫና መዥገር አስቸገረን። ጎረቤታችን ለበሬዎቹ የሚወጋው ኢቨርሜክቲን አለው። ለውሻችን 1 ሚሊ ሊትር ብንወጋትስ? 3 ኪሎ ትሆናለች።

መልስ፦ አይወጉ። ያ 1 በመቶ የሆነው መድኃኒት ለከብት የሚሰጠው ለ50 ኪሎ ክብደት 1 ሚሊ ሊትር ነው። በዚያው ስሌት ለ3 ኪሎ 0.06 ሚሊ ሊትር ይደርሳታል፤ እርስዎ ያሰቡት ከዚህ ከ16 እጥፍ በላይ ነው። ያለ ልክ የተሰጠው ውሻ ይንገዳገዳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑ ማየት ያቆማል፣ ሊሞትም ይችላል። እንደ ኮሊ ባሉ ዘሮች ደግሞ አነስተኛ መጠንም አደገኛ ነው። ለክብደቷ የተዘጋጀ የውሻ ጠብታ ወይም ክኒን ከእንስሳት ሐኪም ይውሰዱ። ምኝታዋን በፈላ ውሃ ያጥቡ፤ የቁንጫ እንቁላልና ዕጭ ያለው ከውሻዋ ይልቅ ምኝታዋና ወለሉ ላይ ነውና።

ጥያቄ (ደጀን)፦ የከብት መድኃኒቱን በውሃ አቅጥነን ላዩዋ ላይ ብንቀባትስ? ወይም ለጎተራ የሚነሰነሰውን የነቀዝ ዱቄት?

መልስ፦ ለሞጣው የሰጠሁትን መልስ ያንብቡ። የከብት መድኃኒት ለትንሽ ውሻ አይሆንም፤ የነቀዝ ዱቄቱ ደግሞ ስትልሰው ይመርዛታል። ነጭ ሽንኩርት እናብላት የሚል ጥያቄም ሊከተል ስለሚችል አስቀድሜ ልናገር፦ ሽንኩርት ቀይም ነጭም፣ ጥሬም ሆነ የበሰለ፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ስለዚህ ወጥ አይስጧት። የበሰለ የዶሮ አጥንትም እየተሰነጠቀ አንጀት ይወጋል።

ጥያቄ (ቢቸና)፦ ልጄ፣ ልጆቼ ከአዲስ አበባ አንዲት ጸጉራም ነጭ ውሻ አምጥተውልኛል፤ ስሟን እንጂ ዘሯን አላውቅም። 5 ዓመቷ ነው ብለውኛል። ጸጉሯ ሲደርቅብኝ እንደ ራሴ ለጋ ቅቤ ቀባኋት፤ አጠፋሁ ወይ?

መልስ፦ እናቴ፣ በክፋት ያደረጉት ነገር ስላልሆነ አይጨነቁ፤ ግን አይድገሙት። እኛ ቅቤ ተቀብተን ራሳችንን አንልስም፤ እሷ ግን ስትልሰው ታድራለች፣ የበዛ ቅባት ደግሞ ቆሽቷን ሊያሳምማት ይችላል። በጸጉሯ ላይ የቀረውም አቧራ ይይዛል፣ ይሻግታል፣ ዝንብ ይጠራል። ለብ ባለ ውሃ በሕፃናት ሻምፑ ያጥቧትና ለቡሬዋ ጠያቂ እንደነገርኳት ጸጉሯን በጣትዎ እየከፈሉ እስከ ቆዳዋ ይመልከቱልኝ። ያገኙትን ይንገሩኝ።

ጥያቄ (ባሕር ዳር)፦ የጃንሆይ ሉሉ ዘሯ ምን ነበር?

አስተያየት (ደብረ ማርቆስ)፦ ቺዋዋ ናት።

አስተያየት (ቡሬ)፦ ፔኪኒዝ ናት እንጂ፤ ሺዙና ፔኪኒዝም አንድ ናቸው።

መልስ፦ ሉሉ በብዙዎች ዘንድ ቺዋዋ እየተባለ ይጠራል፤ ክርክሩ እዚህ ላይ ይብቃ። ፔኪኒዝና ሺዙ ግን አንድ አይደሉም። ፔኪኒዝ የቻይና ቤተ መንግሥት ውሻ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1860 የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጦር የቤጂንጉን የበጋ ቤተ መንግሥት ሲዘርፍ አምስቱ ወደ እንግሊዝ ተወስደዋል። ሺዙ ከቲቤት ውሾች ጋር የተዛመደ ዘር ነው። የሚመሳሰሉት ባጠረው አፍንጫቸውና በወጣው ዓይናቸው ነው፤ ይህ ደግሞ ለባለቤቱ ማስጠንቀቂያ ነው። ሁለቱም በሙቀት ቶሎ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ዓይናቸውም በቀላሉ ስለሚጫር፣ ዓይኑን ጨፍኖ የዋለ ውሻ በዚያው ቀን መታየት አለበት።

ጥያቄ (እንጅባራ)፦ ውሻችን ከቤት አትወጣም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስፈልጋታል?

መልስ፦ አዎን። በ3 ወሯ ትከተብ፣ በዓመቱ ይደገምላት፣ ከዚያም በሐኪሙ ቀጠሮ። በር የተከፈተ ቀን አንድ የታመመ ውሻ ግቢ መግባቱ ይበቃል። ሰው በውሻ ከተነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ጸበሉም ጸሎቱም ይቀጥል፣ ክትባቱ ግን አይቅር፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም።

ጥያቄ (ፍኖተ ሰላም)፦ ለቤት የሚሆን ጥሩ ውሻ የትኛው ነው?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ከላይ ቀርቧል፣ ለደብረ ማርቆሱም በሰፊው መልሻለሁ። ሳያነቡ ለሚጠይቁ ደግሜ አልጽፍም።

ጥያቄ (ቢቸና)፦ ልጄ፣ አጥቤያት እንዳልሽኝ ከፍዬ አየኋት። በሁለቱም ብብቶቿ ሥር ጠጠር ጠጠር የሚል ቋጠሮ አለ። ስነካት እጄን ትልሳለች እንጂ አትነክስም። መቀስ አላነሣሁም።

መልስ፦ መቀስ ባለማንሣትዎ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እናቴ። የብብት ቆዳ እንደ ወረቀት ስስ ነው። ቋጠሮውን በሁለት ጣትዎ ከቆዳው በላይ አጥብቀው ይያዙ፣ ሲጎተት እንዳያማት። ከዚያ በሚዶው ጫፍ፣ ከውጭኛው የጸጉር ጫፍ ጀምረው፣ ጥቂት ጥቂቱን ወደ ውስጥ እየፈቱ ይግቡ። ከ5 ደቂቃ በላይ አይሂዱባት፤ ሲደክማት ይተዉት፣ ነገ ከቆሙበት ይቀጥላሉ። በሦስተኛው ቀን ያልተፈታ ካለ ልጆችዎ ይዘዋት ይምጡ፣ በቶንዶስ እኔ አነሣላታለሁ።